ባለቤቴ ውሃ ውስጥ የተራመደችበት በጋ

ባለቤቴ የግራ እግሯ የተያዘው በወሊድ ነው። እንዲህ ስል ሰዎች ይገርማቸዋል፤ እግርን ከወሊድ ጋር ምን አገናኘው ይሉኛል። ምጥ ቀናት ሲያስቆጥር የሕፃኑ ጭንቅላት ዳሌ ውስጥ ያለውን ነርቭ ተጭኖ ይቆያል። እናትየው ከሞት ብትተርፍም እግሯ ከቁርጭምጭሚቱ በታች አልታዘዝ ይላታል፤ ስትራመድ ጣቶቿ መሬት ይጠርጋሉ። እኔ ያኔ ይህን አላውቅም ነበር። በቡታጅራ የመንግሥት ክሊኒክ ድሬሰር ነበርኩ፤ ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ የወባ ክኒን አድላለሁ። የከተማው ሰው ግን "ዶክተር" ይለኛል። አንድ ቀን እንኳ "ዶክተር አይደለሁም" ብዬ አርሜ አላውቅም።

ዘመኑ ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ላይ ያሉበት ነው። ከሰሜን ሸዋ ተመድቤ ስመጣ ሃያ አምስት ዓመት አልሞላኝም። እሷን ያገኘኋት ክሊኒኩ በር ላይ ነው። አባቷ እንጨት ሲፈልጡ መጥረቢያ እግራቸውን መትቷቸው በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ካለችው ከቡኢ ደግፋ አመጣቻቸው። ቁስሉን ስሰፋ አባትየው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እሷ ግን እጄን እያየች ነበር። "አይቀጥንም ክሩ?" አለችኝ። ስቄ ክሩን ቀየርኩት። በዓመቱ ሽማግሌ ልኬ ተጋባን፤ ከገበያው ጀርባ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ተከራይተን ገባን።

ምጧ የጀመራት በሐምሌ አጋማሽ ነው። እናቷ ቀደም ብለው ከቡኢ በበቅሎ መጥተው ነበር። ከሰፈር የልምድ አዋላጅ ጠራን። ሴትየዋ በመጀመሪያው ቀን ምሽት ላይ እጇን ታጥባ ወጣችና በረንዳው ላይ አነጋገረችኝ።

"ይህ የኔ አቅም አይደለም። ነገ ጠዋት አዲስ አበባ ይውሰዷት።"

"የመጀመሪያ ልጅ ይዘገያል" አልኳት። ይህን መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ።

"ይዘገያል፤ እንዲህ ግን አይደለም።"

"እኔ አለሁ" አልኩ።

እናቷ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙን ነበር። ወደ እኔ ተመለከቱና "እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ" አሉኝ፤ አማርኛቸው የክስታኔ ጉራጌ ቅላጼ አለው። በዚያች ቃል ውስጥ ጥያቄ እንዳለ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሰማሁት መተማመናቸውን ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ቀን እንዲሁ አለፈ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ድምፅዋ ሲደክም ሮጬ መኪና ፍለጋ ወጣሁ። የተገኘው አንድ የጭነት መኪና ነው። ጆንያ ላይ አስተኝተናት፣ ሸራ ጋርደንባት ሄድን። ከቡኢ አለፍ እንዳልን መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ገበሬዎች ቅጠል እያነጠፉ፣ ከኋላ እየገፉ ሲያወጡት ከቀትር በኋላ ሆነ። አዲስ አበባ ስንደርስ ሕፃኑ ከሞተ ቆይቷል። እሷን አተረፏት።

አንድ የሆስፒታል ሠራተኛ ወረቀት ይዞ መጣ። "ሬሳውን ትወስዳለህ ወይስ እዚሁ እናስቀብረው?" አለኝ።

"ወንድ ነው ሴት?"

"ወንድ።"

"እናንተው" አልኩና ፈረምኩ። ልብሴ በጭቃ እንደተለወሰ ነበር፤ ሁለት ቀን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ያም ሆኖ አንዴ ገልጬ ላየው እችል ነበር። የት እንደሚወስዱት መጠየቅ እችል ነበር። አልጠየቅሁም።

ሆስፒታሉ ውስጥ እጆቿ ሰፋፊ የሆኑ አንዲት ፈረንጅ ነበረች፤ ሥራዋ ሰውነታቸው የተያዘባቸውን ሰዎች ማንቀሳቀስ ነው። ባለቤቴ የምትወጣ ዕለት በአስተርጓሚ አስቀምጣ አስተማረችኝ። "ውሃ ውስጥ አሠራት" አለችኝ። "ለብ ያለ ውሃ ይሁን። ውሃው ክብደቷን ይሸከምላታል፤ እግሯ ብቻውን የማይችለውን ያግዘዋል። መጀመሪያ ቁጭ ብላ ቁርጭምጭሚቷን ታንቀሳቅስ፤ በኋላ ደረቷ ድረስ ገብታ በዝግታ ትራመድ። ሲያማት አቁም። ከሁሉም በፊት ግን ሰውነቷን ትልቀቅ። የፈራ ሰውነት አይታዘዝም።"

ሁሉንም ጻፍኩ። "ስንት ስንት ጊዜ?" ብዬ ጠየቅሁ።

"አሥር አሥር።"

እኔ ከዚያ ሁሉ ንግግር የያዝኩት አሥሩን ነው።

ቡታጅራ እንደተመለስን አንድ ብረት ሠሪ የቤንዚን በርሜል ቁመቱን ይዞ ለሁለት ሰነጠቀልኝ። ጠርዙን በመዶሻ አጠፈው፤ እኛም ግራና ቀኝ ድንጋይ አስደግፈን ጓዳ ውስጥ አስቀመጥነው። በአመድ አጠብነው፣ በአሸዋ ፈተግነው፤ የቤንዚኑ ሽታ ግን አልለቅ አለ። ከሥራ ስመለስ እናቷ ሁለት ጋን ውሃ አሙቀው ይጠብቁኛል። ባለቤቴን አቅፌ አስገባታለሁ፤ ተንበርክኬ ተረከዟን በአንድ እጄ፣ የእግሯን ጣቶች በሌላው እጄ ይዤ ወደ ላይ እገፋለሁ፤ ወደ ታች እመልሳለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አሥር ስንደርስ ወደ ጎን። እንደገና አሥር።

እሷ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጋዜጣ ትመለከታለች። ማንበብ አትችልም፤ ግን ከዚያ ዓይኗን አታነሳም። "ያምሻል?" ስላት አያመኝም በሚል ራሷን ትነቀንቃለች። "ሰውነትሽን ልቀቂው" እላታለሁ። ጉልበቷ እጄ ውስጥ እንደ ግንድ ነው። ጡቷ ገና ወተት ነበረው፤ ቀሚሷ ላይ ሁለት እርጥብ ክብ ሆኖ ይታያል፤ አንዳንዴ ከውሃው መለየት ያቅታል። እኔ ያንን እያየሁ ቁጥሬን እቀጥል ነበር።

ስለ ልጁ በቤታችን አይወራም። እናቷ የሰፉለትን ትንሽ ጥብቆ አንድ ቀን ከሣጥኑ አውጥተው ወደ ቡኢ ላኩት፤ እሷ እያየች ነበር። ለቅሶ የመጣ ሰውም አልነበረም፤ ክርስትና ላልተነሳ ልጅ ማን ለቅሶ ይደርሳል? ቀኑን ሙሉ የሰው ቁስል ስመለከት ውዬ እገባለሁ፤ ማታ አንድ የሚሠራ ነገር፣ አንድ የሚቆጠር ነገር መኖሩ ለእኔ ማረፊያ ነበር። ለእሷም ማረፊያ የሆነ መስሎኝ ነበር።

ጥቅምት አልቆ ወንዙ ሲጠራ "አሁን መራመድ አለባት" አልኩ። ከከተማው በታች ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ቦታ አለ፤ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ ውሃው ጋደም ብሎ ይተኛል፤ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ከሰዓት በኋላ ለብ ይላል። ቅዳሜና እሑድ ከምሳ በኋላ በቅሎ ተውሼ እወስዳት ጀመር። ጎረቤታችን፣ አንዲት ሙስሊም የጨርቅ ነጋዴ፣ አብራን ትወርድና ዳር ላይ ፎጣ ይዛ ትቀመጣለች። ባለቤቴ በውስጥ ቀሚሷ እየተሳቀቀች ስትገባ "አብሽሪ እህቴ፣ ማንም የለም፤ እኔ እያየሁልሽ ነው" ትላታለች።

ሁለት እጆቿን ይዤ ወደ ኋላ እየሄድኩ አራምዳታለሁ። በመሬት ላይ የምትጎትተው እግር ውሃው ውስጥ ይነሳ ነበር። የመጀመሪያ ዕለት ይህን ሳይ ጮህኩ። "አየሽ? ተነሳ እኮ!" እሷ ወደ ታች ተመለከተች። "ውሃው ነው ያነሳው" አለችኝ።

ከተማው ማውራቱ አልቀረም። የመንግሥት ሠራተኛ ሚስቱን በጠራራ ፀሐይ ወንዝ ውስጥ ያንሸራሽራል ተባለ። ሌሎች ደግሞ ጠበል ፈልቋል ብለው ጀሪካን ይዘው መጡ። ጉልበታቸውን ቁርጥማት የያዛቸው አንድ ሽማግሌ "ዶክተር፣ ይህ ነገር ለጉልበትም ይሆናል?" ብለው ጠየቁኝ፤ ይሆናል ስላቸው ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ቆባቸውን ሳያወልቁ ገቡ። ከእኛ ራቅ ብለው ወዲያና ወዲህ እየተራመዱ፣ እኔ ስቆጥር ከኔ ጋር ይቆጥራሉ። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ፈገግ ያለችው በእሳቸው ነው። ያ ክረምት ካለፈ በኋላ ጥርሷን ያየሁት ያን ቀን ብቻ መሰለኝ።

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ቀን ደክሟት "ልጋደም" አለችኝ። እጄን ከጀርባዋ በታች አድርጌ በውሃው ላይ አንጋለልኳት። ጆሮዋ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ጸጉሯ ተበተነ። ቀስ በቀስ ትከሻዋ ሲላላ፣ አንገቷ ክንዴ ላይ ሲወድቅ ተሰማኝ። ፈረንጅዋ ያለችው ነገር ይህ መሆኑ ገባኝ። ለአንድ አፍታ መቁጠር ተውኩ። ዓይኗ እንደተጨፈነ ነው።

"የት ቀበርከው?" አለችኝ።

የሰማሁ አልመሰለኝም። ደግማ አልጠየቀችም፤ ትጠብቃለች። ጀርባዋ ሙሉ በሙሉ መዳፌ ላይ ነው፤ እጄን ባነሳ ትሰምጣለች። አምስት ወር ሙሉ ይህን ጥያቄ ይዛ በዚያ በርሜል ውስጥ እንደተቀመጠች ያኔ አወቅሁ። መልሱ አንድ ቃል ነበር፦ አላውቅም።

"ቤተ ክርስቲያን" አልኩ።

"የቱ?"

"እዚያው ሆስፒታሉ አጠገብ ያለው። ከግቢው ጥግ፣ ከዛፍ ሥር።" ዛፉን ለምን እንደጨመርኩ ዛሬም አላውቅም።

ዓይኗን ገለጠች። እንባዋ በግራና በቀኝ ወርዶ ወንዙ ውስጥ ገባ። "ለምን እስካሁን አልነገርከኝም?" አለችኝ፤ በቁጣ አይደለም። እጇን ዘርግታ ፊቴን ነካችኝ። ከሐምሌ ወዲህ ራሷ የነካችኝ ያን ጊዜ ነው። በዚያ ንክኪ ምክንያት ነው ውሸቴን መልሼ ያልዋጥኩት። እውነቱን ብናገር እጇን የምታነሳ መሰለኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ሰው ሆነች። ሳልጠራት በርሜሉ ውስጥ ትገባለች። ክሊኒክ ስሆን ብቻዋን ትሠራለች፤ እናቷ "ኧረ ይበቃሻል ልጄ፣ ውሃው ቀዘቀዘ" ሲሏት አትሰማም። ወንዝ ስንወርድ እጄን ትለቅና ለብቻዋ ትራመዳለች፤ ትወድቃለች፣ ውሃው ይቀበላታል፣ ትነሳለች። ቁጥሩንም ከእኔ ተረከበችው፤ አሥር ስል እሷ አሥራ አምስት ትላለች።

"ለፋሲካ ትወስደኛለህ" አለችኝ። "በእግሬ ሄጄ አየዋለሁ። በሰው ተደግፌ አይደለም።"

"እንሄዳለን" አልኳት።

የዚያን በጋ ስቃይ ለማን እንደማስረዳ አላውቅም። የእግሯ ጣቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ላይ ሲንቀሳቀሱ አየሁ፤ ሕክምና ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በጥር መሬት ላይ በሁለት ምርኩዝ ቆመች። በየካቲት በአንድ። እናቷ እልል አሉ፤ ጎረቤታችን ቡና አፈላች፤ ሽማግሌው መጥተው መረቁን። ወዴት እየተራመደች እንደሆነ የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነኝ። ብዙ ጊዜ ልነግራት ተነስቻለሁ። ክሊኒኩ ውስጥ ቃሉን ለብቻዬ ተለማምጄዋለሁ፤ ቤት ስደርስ በርሜሉ ውስጥ ሆና ፊቷ በላብ ተነክሮ አያታለሁ፣ "ዛሬ ስንት እንደሠራሁ ታውቃለህ?" ትለኛለች፣ ቃሉ ይጠፋኛል። እግሯ እስኪጠና ልቆይ አልኩ። ለእሷ ያሰብኩ አስመሰልኩት። እውነቱ ግን ፈሪ መሆኔ ነው።

ፋሲካ አለፈ። በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት እንሄዳለን ተባባልን። ቀኑ ሲቀርብ "ከበላይ ተቆጣጣሪ ይመጣል ተብያለሁ፤ ሥራዬን ጥዬ መሄድ አልችልም" አልኳት። ተቆጣጣሪ የሚባል አልነበረም። የምትቀር መስሎኝ ነበር። "እንግዲያው ከእማዬ ጋር እሄዳለሁ" አለች።

አውቶቡሱ ድረስ ሸኘኋቸው። ነጠላዋን አጣፍታ፣ በቀኝ እጇ ምርኩዟን፣ በግራዋ ጧፍ በወረቀት ጠቅልላ ይዛለች። ደረጃውን ልደግፋት ስል "ተወኝ፣ እችላለሁ" አለችና ወጣች። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ ቆምኩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። "ደህና ግቡ" ነው ያልኩት።

በአራተኛው ቀን ይመለሳሉ በተባለበት ሰዓት መናኸሪያው ላይ ጠበቅሁ። ሰው ሁሉ ወርዶ አለቀ። የአውቶቡሱ ረዳት አወቀኝ። "ዶክተር፣ እነሱ ቡኢ ላይ ወርደዋል" አለኝ።

በማግስቱ ሄድኩ። አባቷ በደጅ ሰላምታዬን ተቀበሉ፤ ግባ ግን አላሉኝም። እሷ ከእንሰቱ ሥር ሰሌን ላይ ተቀምጣለች፤ ሁለት እግሮቿን ዘርግታለች፤ የግራው አብጦ ተረከዙ ቆስሏል። እጄን ወደ ቁስሉ ሰደድኩ። እግሯን ሰበሰበች። በራሷ ጉልበት፣ ሳትቸገር ነው የሰበሰበችው።

"አራት ቤተ ክርስቲያን ዞርኩ" አለችኝ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። "ምናልባት ስቶ ይሆናል፣ ሌላው ይሆናል እያልኩ። ዛፍ ባየሁበት ሁሉ ሥሩን አየሁ። አንድ ቄስ 'ልጄ፣ ክርስትና ያልተነሳ እዚህ አይቀበርም፤ ማን ነው እንዲህ ያለሽ?' አሉኝ። ባሌ ነው ለማለት አፈርኩ።"

"እንዳላሳዝንሽ ብዬ ነው።"

"ሆስፒታሉም ሄድኩ። አንተ የፈረምክበትን ነገሩኝ።"

የዘረጋሁትን እጄን መለስኩ።

"አላውቅም ብትለኝ እኮ አብሬህ አለቅስ ነበር" አለችኝ። "አንድ ጊዜ እንኳ አላውቅም ማለት እንዴት ያቅትሃል?"

ስለ መቃብሩ ብቻ እንዳልተናገረች ገብቶኛል። እናቷ ከጓዳ ወጥተው እንደዚያ ቀን በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ወደ እኔ አላዩም።

ሽማግሌ ላክሁ፤ ሁለት ጊዜ። በመልካም ቃል ተቀብለው በመልካም ቃል መለሷቸው። ዕቃዋን ሊወስድ ወንድሟ መጣ፤ በርሜሉን "ይህስ?" ብሎ ጠየቀኝ፤ ተወው አልኩት። ዝናቡ ሲጀምር ዝውውር ጠየቅሁና ወልቂጤ ተመደብኩ። እዚያም ዶክተር አሉኝ። "አይደለሁም፣ ድሬሰር ነኝ" እል ጀመር፤ ሰዎች ትሕትና መሰላቸው።

በዓመቱ ፈቃድ ወስጄ አዲስ አበባ ሄድኩ፤ መጠየቅ የነበረብኝን ልጠይቅ። ሆስፒታሉ ውስጥ የቀብር መዝገብ የሚባል አልተገኘም። አንድ ያረጁ ዘበኛ ከኋላው በር አውጥተው ሣር የበቀለበት ሰፊ መሬት አሳዩኝ። "ከዚህ እስከዚያ ነው" አሉኝ በዱላቸው እያመለከቱ። "የማን የት እንደሆነ እኛም አናውቅም።" ትንሽ ቆምኩ። ምን እንደሚደረግ አላወቅሁም፤ ኮፍያዬን አውልቄ መልሼ አደረግሁት። ዘበኛው ሥራ እንዳለባቸው አየሁና ወጣሁ።

ስመለስ ወደ ወልቂጤ ሳይሆን በቡታጅራው መንገድ ሄጄ ቡኢ ወረድኩ። ያየሁትን ልነግራት ነበር። እናቷ በር ከፈቱልኝ።

"የለችም" አሉኝ። "ከአክስቷ ዘንድ ነው ያለችው። ገበያ ትሄዳለች፤ ያለ ምርኩዝ።"

"ቦታውን አገኘሁት" አልኳቸው። "ማለቴ... ሜዳ ነው። ይነግሩልኛል?"

በሩን በእጃቸው እንደያዙ ተመለከቱኝ። ክፋት የለባቸውም፤ ደክሟቸው ነበር።

"አሁን ዝም ብላለች" አሉኝ። "ቢተውት ነው የሚሻለው። እርስዎም ይሂዱ።"

ወደ መንገዱ ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የሚመጣ መኪና አልነበረም። ገበያተኛው በፊቴ እያለፈ ወደየቤቱ ይገባል፤ ሴቶቹ ሲራመዱ ሳላስበው እግራቸውን አያለሁ።